ማረፊያው ድንጋይ

ከሰበታ በላይ፣ ከወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ፣ ቀጭኑ የእግር መንገድ ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ቦታ አንድ ድንጋይ አለ። ከፍታው የቆመ ሰው ወገብ ይደርሳል፤ አናቱ እንደ መደብ ጠፍጣፋ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ በሁለት ሚኒባስ ከመጡ ተጓዦች ጋር ሆኜ እዚያ ስደርስ፣ የቀደሙን ወጣቶች ተራ በተራ እየተቀመጡ ፎቶ ይነሡ ነበር። ከኋላቸው ፉሪ፣ ከፉሪ ወዲያ ከተማዋ፣ ከሁሉም ወዲያ የረር በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። «ተፈጥሮ ራሷ ወንበር ሠርታ ጠበቀችን!» አለች አንዲት ልጅ በደስታ።

ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ያለሰለሰው ዝናብ አይደለም፤ እናቴና ጓደኞቿ ናቸው።

እንጨት የተሸከመች ሴት መንገድ ላይ ስትደክም ሸክሟን መሬት አታወርድም። ካወረደችው የሚያሸክማት ሰው ካላገኘች መልሳ አታነሣውም። ስለዚህ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትጠጋና የሸክሙን ግርጌ ታሳርፍበታለች። ገመዱ ከደረቷ አይፈታም፣ እግሮቿም መሬት እንደረገጡ ናቸው፤ ክብደቱ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ወደ ድንጋዩ ይዞራል። ያን ጊዜ እናቴ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ከኋላዋ የምትመጣዋ ደግሞ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ማንም ከድርሻው በላይ አይቆይበትም። ስንት ዓመት፣ ስንት ሸክም እየተሳበ ቢያርፍበት ነው ድንጋዩ እንዲያ እንደ ወፍጮ መጅ የለሰለሰው።

ለልጅቷ ይህን አልነገርኳትም። ስልኳን ተቀብዬ ፎቶዋን አነሣሁላት።

የምናገረው ስለ 1970ዎቹ ነው። እናቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሣለች። ነጠላዋን ታደገድግና ጥቂት ቆሎ ጫፏ ላይ ትቋጥራለች፤ ገመዷን ወገቧ ላይ ትጠመጥማለች፤ ማጭዷን ትይዛለች። ጎረቤቶቿ አጥሩ ሥር ይጠብቋታል። ብቻዋን የምትወጣ የለችም፤ ጅቡም፣ ጨለማውም፣ ክፉ ሰውም አለ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ እከተላታለሁ። «እኔ የረገጥኩበትን እየረገጥህ ና» ትለኛለች። ከፊቴ የሚታየኝ ተረከዟ ብቻ ነው፤ የተሰነጣጠቀ፣ በጨለማም የሚለይ። እቤት የምንነጋገረው በአማርኛ ነበር፤ ተራራው ላይ ግን ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። ኮረብታው ቱሉ፣ ወንዙ ላጋ፣ ርጥብ መስኩ ጨፌ ነው። እስከ ዛሬም ስለ ዳገትና ስለ ውሃ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጡልኝ እነዚያ ቃላት ናቸው።

ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዛፉ ውስጥ እንደርሳለን። የወደቀውን ቅጠል መጥረግ፣ ጭራሮ መልቀም፣ የደረቀ ቅርንጫፍ በማጭድ ስቦ ማውረድ፤ ከዚያ መከመር፣ ማሰር፣ መሸከም። ወደ ረፋዱ ላይ እናቴ ከሩቅ ስትታይ ሰው አትመስልም፤ እግር ያወጣ ክምር ትመስላለች። ሸክሙ ሰበታ ወርዶ ለጠላ ጠማቂና ለእንጀራ ጋጋሪ ይሸጣል። በዚያ ብር በርበሬ፣ ጋዝ፣ የእኔ ደብተር ይገዛል።

በኋላ ታሪክ ሳነብ ነው ይህ ሸክም ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የገባኝ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እንጦጦና ዙሪያው ጽድ ነበረበት። ቤተ መንግሥቱ፣ ሰፈሩ፣ ሠራዊቱ፣ የሁሉም ምድጃ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ጽዱን በላው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አፄ ምኒልክ እንጨት ፍለጋ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማዋን ካለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ፈጥኖ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህን ሁሉ መጻሕፍት ጽፈውታል። ዛፉን ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንደተተከለ ተጽፏል። እንጨቱ ከተራራው ወደ ምድጃው በማን ጀርባ እንደወረደ የሚናገረው ገጽ ግን ትንሽ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከወጨጫ ወደ ሰበታና ወደ ቡራዩ፣ ለመቶ ዓመት የከተማዋ እንጀራ የተጋገረው እናቶች ተሸክመው ባወረዱት ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ እናቴ ድንጋዩ ላይ ሸክሟን አሳርፋ ሳለ የደን ጠባቂው ከላይ መጣ። ጭራሮና ቅጠል ሲሆን ዝም ይል የነበረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከክምሩ ሥር እርጥብ ግንድ ነበረ። አየው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ምንድን ነው?»

እናቴ አልካደችም። ከድንጋዩም መነሣት አልቻለችም። «ጌታዬ፣ እንጨቱን ይውሰዱት፤ ገመዷን ብቻ ይተዉልኝ» አለችው። ገመዷ የጠፍር መጫኛ ነበረች፤ ከእናቷ የወረሰቻት።

«እንዲህ እያላችሁ ተራራውን ጨረሳችሁት እኮ! ዛፉ ሲያልቅ ውሃውም ያልቃል። ያን ጊዜ ለዚህ ልጅ ምን ልትሰጪው ነው?»

«እኔ የማስበው ዛሬ ማታ የምሰጠውን ነው» አለችው።

ዝም አለ። ከዚያ ገመዱን ፈታው። ሸክሙ ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ ለረጅም ጊዜ ሲንኳኳ ይሰማን ነበር። ማጭዷን ወሰደ። ገመዷን ግን ጠቅልሎ ወደ እኔ ወረወረና «ያዝ» አለኝ። እናቴ ባዶ ጀርባዋን ወረደች። ያለ ሸክም ከተራራው ስትወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንደዚያ ቀን ጎንበስ ብላ ስትሄድም አላየሁም።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከአርባ ዓመት በላይ ተሸክሜያቸው ኖሬያለሁ፤ አንዱን አውርጄ አንዱን ብቻ ልይዝ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወጨጫ ሌላ ገጽ እንዳለው ያወቅሁት በ1981 ዓ.ም. ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ክፍላችንን ሰብስበው በአንድ የጭነት መኪና ወደ ሱባ ወሰዱን። እኛ የሰበታ ልጆች የምናውቀው የተራራውን ምሥራቃዊ ፊት ነበር፤ እርሻ፣ ባሕር ዛፍ፣ ግጦሽ፣ ገላጣ ድንጋይ። በምዕራቡ በኩል ሲኬድ ግን ያው ተራራ ጥቁር ደን ለብሶ ቆሟል። መኪናው ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ቅዝቃዜው ፊታችንን መታን። እናቴ ጭራሮ ለመልቀም ሌሊት ትነሣለች፤ እዚህ ለአንድ ጽድ የሦስት ልጆች እቅፍ አይበቃም።

መምህራችን ከጽዱ ሥር አቁመው ነገሩን። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በኋላም አፄ ምኒልክ እንዳይነካ አስጠበቁት። መናገሻ ሱባ ከአፍሪካ ቀደምት ጥብቅ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠራው በዚህ ነው። «ልጆች፣» አሉ መምህራችን፣ «የእንጦጦ ጽድ ምድጃ ገባ። የዚህ ጽድ አልገባም። ልዩነቱ የአፈሩ አይደለም፤ ጠባቂ ማግኘቱ ነው።» እኔ ያሰብኩት ያን የገመድ ውርወራ ነበር።

ከእኛ ጋር አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ነበር፤ ሰበታ ካለው የመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ወጥቶ እኛ ክፍል የሚማር። መምህራችን «ትቀራለህ?» ብለው ሲጠይቁት «ለምን እቀራለሁ?» ነበር መልሱ። በአንድ እጁ ትከሻዬን፣ በሌላው በትሩን ይዞ ከኋላዬ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ያን ደን ያሳየኝ እሱ ነው። በየዛፉ ያስቆመኛል። የጽዱን ልጥ በጣቱ ሳብ አድርጎ «ይህ ገመድ ይወጣዋል» ይላል። የዝግባውን ቅርፊት ዳብሶ «ይህ ይቀረፋል፤ ያኛው ይላጣል» ይላል። ወይራውን ግን አልዳበሰውም። የተሰበረ ስንጣሪ አንሥቶ አሸተተና «የእናቴ ቅል» አለ፤ እናቱ ለወተት ቅሏን በወይራ ነበር የምታጥነው። ከፍ ስንል ኮሶ መጣ፤ ቀይ አበባው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል። የኮሶ መራራነት ሁላችንም እናውቃለንና ስሙ ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ፊቱን አጨማደደ።

ጉሬዛዎቹን መጀመሪያ የሰማቸውም እሱ ነው። ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ቅርንጫፉ የሚያሰማውን ለይቶ «ከባድ ነገር ከላያችን አለ» አለኝ። ቀና ስል ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሱ ስድስት ሰባት ሆነው ቁልቁል ያዩናል። መምህራችን ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌለው፣ ቅጠል እየበላ እንደሚኖር፣ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ አሳሽ በ19ኛው መቶ ዓመት ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው የኛኑ ስም እንደሰጠው ነገሩን። ዛሬም በዓለም መጻሕፍት ስሙ ጉሬዛ ነው። ከዚያ አንድ ወፍ ከፊታችን ተነሣ፤ ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴ ነበር፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ ወጣው። ያን ቀይ ለጓደኛዬ እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ። «በርበሬ ገበያ ስትገባ አፍንጫህን እንደሚመታህ» አልኩት። ሣቀና «ገባኝ» አለ።

መንገዱ ግራና ቀኝ እየዞረ ይወጣል። ጓደኛዬ በትሩን በመሃሉ እየጎተተ ቆየና ድንገት ቆመ።

«ይህን መንገድ የሠሩት ሸክም ያላቸው ሰዎች ናቸው» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ዳገቱን ፊት ለፊት አይገጥመውም። እየዞረ ነው የሚወጣው። ባዶውን የሚሄድ ሰው ቢሆን ያቋርጥ ነበር። ደግሞ መሃሉ ጎድጉዷል፣ ጎኑ ጠባብ ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚሄዱበት።»

እናቴ እንጨት ተሸካሚ መሆኗን በትምህርት ቤቱ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ልብሴ ላይ የባሕር ዛፍ ሽታ እንዳይኖር ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁለቴ እታጠብ ነበር። ያን ቀን ነገርኩት። እሱም «አውቃለሁ፤ ትከሻህ ላይ ገመድ ያወጣው ጠባሳ አለ» አለኝ፣ እጁን ከዚያው ከትከሻዬ ሳያነሣ።

ፏፏቴውንም ቀድሞን ሰማው። እኛ ገና ስለ ምሳ እያወራን «ውሃ አለ፣ የሚወድቅ ውሃ» አለ። ከደቂቃዎች በኋላ ዛፎቹ ተከፈቱና ሸለቆው ታየ። ትልቅ ፏፏቴ አይደለም፤ ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ላይደነቅ ይችላል። ከጥቁሩ ገደል ላይ እንደ ተለቀቀ ነጠላ ይወርዳል፣ ከሥሩ በሙጃ የተከበበ ኩሬ አለ። ውሃው ግን ኩልል ያለ ነው። መምህራችን በመዳፋቸው ቀድተው ጠጡና «ይህ ሰው ያልነካው ውሃ ነው። ከላይ ያለው ደን ስፖንጅ ነው፤ ክረምት የጠጣውን በጋ ይተፋዋል» አሉ። የጠባቂው ቃል ከእሳቸው አፍ ወጣ። ዛፉ ሲያልቅ ውሃውም ያልቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ያጣ ዛፍ ምን እንደሚሆን በጆሮዬ ሰማሁ። ከበስተላይ ቀንም ሌትም የመጥረቢያ ድምፅ ይመጣ ነበር። የሚቆርጡት ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች አልነበሩም። መኪናና ጋሪ ያላቸው ነበሩ፤ የሚወስዱትም ግንድ ነው። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ ታዳምጥና «አሁን ነው ተራራው የሚያልቀው» ትል ነበር። ያ ወሬ ሳይሆን ቁጭት ነበር። ለአንዲት እርጥብ ግንድ ማጭዷን የተነጠቀች ሴት ናት።

ሥራ ስይዝ ቡራዩ ተከራየሁ፤ እናቴንም ከተራራው አወረድኳት። ጉልበቷ አልቆ ነበር። ቡራዩ ሳለሁ የእሑድ መንገዴ ገፈርሳ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ቀደምት ምንጮች አንዱ የሆነው ግድብ። በጠዋት ዳሩ ላይ ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝይዎች ይግጣሉ፤ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኙ ናቸው። ከግድቡ ማዶ ወጨጫ ይታያል፤ ከዚህኛው ጎን ሲታይ ሌላ ተራራ ይመስላል። ከተማው የሚጠጣው ውሃ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ያን ጠባቂ አስቤዋለሁ።

ሱሉልታን የወደድኩት ዘግይቼ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥተው እንጦጦን ሲሻገሩ ሜዳው ከታች ይዘረጋል፤ በጠዋቱ ብርድ ሯጮች በጭጋጉ ውስጥ እንደ ጥላ ያልፋሉ። ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት ያን ጫፍ ላይ አቁሜ የመምህሬን ዓይነት ትምህርት ሰጠኋት። በደቡቡ በኩል የወደቀ ዝናብ ቀበና ገብቶ፣ ከቀበና አቃቂ፣ ከአቃቂ አዋሽ ይደርሳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በሰሜኑ በኩል የወደቀው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ አቋርጦ ወደ ሲቢሉና ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ እስከ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ልጄ አንድ እግሯን ወዲህ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አድርጋ ቆመች። «አባዬ፣ አሁን እኔ ሁለት ወንዝ ላይ ነኝ?» አለች።

በመስከረም ከጫንጮ ወደ ዱርባ ወሰድኳት። ሜዳው ምንም ሳይናገር ድንገት ያልቅና የሙገር ሸለቆ ይከፈታል። ፏፏቴው ከጠርዙ ተወርውሮ ነፋስ ሲመታው መሃል ላይ ይበተናል። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሣር ግጦ የሚኖረው ጭላዳ ብቻ ነው። ከዚያ ጥልቀት ውስጥ ጀሪካን ያዘለች ልጅ እየወጣች ነበር። የልጄ እኩያ ናት። መንገዷ እየዞረ ነው የሚወጣው።

ጓደኛዬ በ1981 ዓ.ም. ስለ መንገድ ያስተማረኝን የማስታውሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ዛሬ በየሳምንቱ ወደ ወጨጫ፣ ወደ ሱባ፣ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ተጓዥ ብዙ ነው። ደስ ይለኛል። የከተማ ልጅ ጽድን ከዝግባ ሲለይ፣ ድኩላ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ሲያይ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ውሃ ሲያዳምጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቁልቁል ሲወርዱ ተጓዦቹ መታጠፊያውን ዘለው በቀጥታ ይቆርጣሉ። ባዶ ጀርባ አቋራጭ ይወዳል። በቆረጡበት ላይ የሚቀጥለው ሰው ይከተላል፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይከተላል፤ በሁለተኛው ዓመት ቦይ፣ በአምስተኛው ፈረፈር ይሆናል። ወጨጫ ላይ ከድንጋዩ በታች እንዲህ የተቀደደ ቦታ አይቻለሁ። የእናቶቹ መንገድ ግን ከጎኑ አለ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አልተሸረሸረም። በሸክም የተፈተነ መንገድ ነው። ዱካ እናውጣ፣ ምልክት እንትከል ለሚሉ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ከመንደሩ አንዲት አሮጊት ጠይቁ። የት እንደሚያዳልጥ፣ የት ውሃ እንደሚገኝ፣ የት ማረፍ እንደሚቻል እሷ ታውቃለች።

ከዚያ የፎቶ እሑድ በኋላ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ዕድሜዋ ሰማንያ እየተጠጋ ነው።

«ድንጋዩ አለ?» አለችኝ።

«አለ እማዬ።»

«ሰዎቹ ምን ሊያደርጉ ነው የሚወጡት?»

«ተራራውን ለማየት። ለመናፈስ። ገንዘብ ከፍለው ነው።»

«ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ?»

«አዎ።»

ቆየችና «እንዴት ደስ ይላል» አለች። ቅንጣት ቅናት አልነበረበትም። የበለጠ ያመመኝ እሱ ነው።

የሱባን ፏፏቴ አይታው እንደማታውቅ ያን ቀን ነው የገባኝ። ሃያ ዓመት በተራራው ጀርባ ላይ እንጨት ስትለቅም፣ ከጫፉ ወዲያ ያለውን ውሃ አላየችውም። ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ በመኪና ሱባ ወሰድኳት። የመንደሩ ልጅ የሆነ አስጎብኚ ቀጠርን። እናቴ በኦሮምኛ ሰላምታ ስታቀርብለት ፊቱ በራ፤ ከዚያ በኋላ እኔን ረስቶ ከእሷ ጋር ብቻ ነበር የሚያወራው። ክንዷን ይዞ በቀስታ አስገባት። ፏፏቴው ድረስ መሄድ አልቻለችም፤ ከሩቅ ድምፁን ሰማች። አንድ የወደቀ ዝግባ ላይ አስቀመጥናት።

ተቀምጣ ዙሪያውን ታይ ጀመር። ዛፎቹን መስሎኝ ነበር። በኋላ ዓይኗን ስከተል መሬቱን ነው የምታየው። የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የወደቀ ግንድ፣ ጭራሮ፣ በየቦታው ሻጋታ ወርሶት ተኝቷል።

«ይህን ሁሉ ማንም አያነሣውም?» አለች።

«አይነሣም እማማ» አለ ልጁ። «እዚሁ ይበሰብሳል። ችግኙ የሚበቅለው እሱ ላይ ነው። ትሉም፣ ወፉም የሚኖረው በሱ ነው።»

እናቴ ጎንበስ ብላ አንድ ጭራሮ አነሣች። በሁለት እጇ ሰበረችው። ጠቅ አለ። «ደርቋል» አለች ለራሷ። ከዚያ ሁለቱን ስባሪዎች እንደነበሩ አድርጋ መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። «ይቆይ» አለች።

ወጨጫ ላይ፣ እንጦጦ ላይ፣ ሱሉልታ ዙሪያ ዛሬም እንጨት ተሸካሚ እናቶች አሉ። ኤሌክትሪክ በመጣበት፣ ፓርክ በተከፈተበት፣ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሸማ በሚሠሩበት ዘመንም ማለዳ ከተነሣችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ወደ እነዚህ ተራሮች የምትወጡ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ ከየመንደሩ ልጆች አስጎብኚ ቅጠሩ፤ ዋጋውንም አትከራከሩ። መታጠፊያውን አትዝለሉ። ሸክም ያላት እናት ስትመጣ ከመንገዱ ውረዱላት፤ ሰላም በሏት። አናቱ የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ከሆነም ተነሡላት።